የእንዶድ አረፋና 25 ዓመት



የዛሬ ተመራቂ ልጆች፣ ዓመቱን ሙሉ ሳይንስና ሥዕል ተምራችኋል። ሰፈራችሁ ሸማ ተራ የነጠላና የጋቢ ሰፈር ስለሆነ ከዚያው ልጀምር። ድሮ ነጠላ በምን ይታጠብ እንደነበር አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ በእንዶድ ይሏችኋል። ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ሲነካው እንደ ሳሙና አረፋ ይደፍቃል።

እ.ኤ.አ. በ1964 አክሊሉ ለማ የተባለ ወጣት ተመራማሪ አድዋ አካባቢ ወንዝ ዳር ሆኖ በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችን አየ። እነሱ ካሉበት ወረድ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተዋል። ብልሃርዚያ የተባለውን በሽታ የሚያመጣው ትል የሚያድገው በእንዲህ ያሉ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው፤ ወንዝ ገብተው የሚዋኙ ልጆችን የሚይዝ ክፉ በሽታ። አክሊሉ በሕይወት ያሉትን ሰበሰበና ከአጣቢዎቹ አንዷን አረፋውን እንድትጨምርባቸው ለመናት። ሞቱ።

ታሪኩ እዚህ ያለቀ መሰላችሁ? ገና መጀመሩ ነው። ዓለም ቶሎ አላመነውም። እንዶዱ መመርመር፣ መመዘን፣ ጉዳት እንደሌለው መፈተሽ ነበረበት። እሱና ባልደረባው ለገሠ ወልደዮሐንስ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበሉት በ1989 ነው። 25 ዓመት! ከእናንተ መካከል ትልቁ እንኳ የዚያን ግማሽ አልኖረም። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለ አንድ የምርምር ኢንስቲትዩት በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል።

ሥዕል የምትወዱም ስሙኝ። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር፤ እሱ ግን ሥዕልን መረጠ። በአፍሪካ አዳራሽ ያለው ባለቀለም የመስታወት ሥራው 150 ካሬ ሜትር ነው። ያን የሚያህል መስታወት ያለ ልኬት አይገጠምም። ጥለት የሚጥለው ሸማኔም ድሩን እየቆጠረ ነው የሚሠራው። ፈረንሳዊው ጃካር እ.ኤ.አ. በ1804 ለሽመና መሣሪያው ጥለቱን በተበሳ ካርድ ነገረው፤ ኋላ እንግሊዛዊው ባቤጅ ለስሌት ማሽኑ ንድፍ ያንኑ ካርድ ተዋሰ። ኮምፒውተር ከሽመና ጋር ዝምድና አለው ማለት ነው!

ወላጆች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ገበያው በደራበት ሰዓት ልጅ «ለምን?» እያለ ሲወተውት እንደሚከብድ አውቃለሁ። «ማታ» በሉት፤ ማታ ግን አትርሱት። ሲሥል ካገኛችሁት «ይህን ተወውና አጥና» አትበሉት፤ እያጠና ነው። ሴት ልጃችሁም የቤት ውስጥ ሥራ በዝቶባት ደብተሯን ሳትገልጥ እንዳትተኛ።

ልጆች፣ የክረምቱን ሥራ ልስጣችሁ። ሸማኔ ሥራውን ይዞ ሲመጣ ፈቃድ ጠይቁና የአንዱን ጥለት ክር ቁጠሩ። በካሬ ወረቀት ሣሉት። ከሥሩ የገባችሁንም ያልገባችሁንም ጻፉ። ከመምህራኖቻችሁ ጋር ተነጋግረናል፤ በመስከረም ትምህርት የሚጀመረው «ያልገባኝ» ብላችሁ ከጻፋችሁት ነው።