ስለማይታየው ጥቁር ጉድጓድና ስለ ቦሌ መብራት



ከቦሌ ወይም ከገርጂ በኩል ሆናችሁ በምሽት ወደ ሰሜን ብትመለከቱ፥ የእንጦጦ ተራራ ከከተማው መብራት በላይ ጠቁሮ ይታያችኋል። በዚያ፥ ከባሕር ጠለል 3,200 ሜትር ያህል ከፍ ባለው ስፍራ፥ መስተዋታቸው አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት እንዲህ ያለው መሣሪያ የማይታየውን ነገር ለመመዘን እንዴት እንደሚረዳ ነው።

ሊቃውንት ጥቁር ጉድጓድ የሚሉት አካል ስበቱ እጅግ ብርቱ ከመሆኑ የተነሣ ብርሃን እንኳ አያመልጠውም። ታዲያ ብርሃን የማይሰጥ ነገር በምን ይታወቃል ትሉ ይሆናል። የሚታወቀው በጎረቤቱ ነው። አንዳንዱን ጥቁር ጉድጓድ አንድ ተራ ኮከብ ይዞረዋል። ከኮከቡ የሚሳበው ጋዝ በጉድጓዱ ዙሪያ እንደ ሰፌድ ተዘርግቶ ለብዙ ዓመታት ይከማችና፥ አንድ ቀን በድንገት ወደ ውስጥ ይጎርፋል። ያን ጊዜ እጅግ ግሎ ኤክስሬይ ይረጫል፤ ከወራት በኋላም ተመልሶ ይበርዳል።

ኤክስሬይን አየራችን ስለሚያስቀረው ከምድር ሆኖ ማየት አይቻልም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. ከጎረቤታችን ከኬንያ ጠረፍ፥ በባሕር ላይ ከቆመው ከሳን ማርኮ መድረክ፥ ኤሪየል 5 የተባለች የእንግሊዝ ሳተላይት ተተኮሰች። በ1975 ዓ.ም. ይህችው ሳተላይት ኤ 0620-00 የተባለውን አገኘች። ለጊዜው ከፀሐይ በቀር በኤክስሬይ የሚወዳደረው አልነበረም። በአሜሪካ በሃርቫርድ የተቀመጡት አሮጌ የሰማይ ፎቶግራፎች ሲመረመሩ፥ በ1917 ዓ.ም. እንዲሁ ነዶ እንደ ነበረ ታወቀ። ፋይል ጠፍቶበት የተንገላታ ሰው ሁሉ 58 ዓመት በደኅና የቆየን መዝገብ ቤት ሳያደንቅ አይቀርም።

እሳቱ ከበረደ በኋላ የሚቀረው የጎረቤቱ ኮከብ ደካማ ብርሃን ነው፤ ዋናው ሥራ የሚጀምረውም ያን ጊዜ ነው። ኮከቡ ወደኛ ሲመጣ ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ፥ ሲርቅ ወደ ቀይ ያደላል። ማክሊንቶክና ሬሚላርድ የተባሉ ሊቃውንት በ1986 ዓ.ም. በዚህ መንገድ ባገኙት ውጤት፥ ኮከቡ በሰከንድ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ እየሮጠ በ7 ሰዓት ከ45 ደቂቃ አንድ ዙር ይፈጽማል። እኛ ጧት ቢሮ ገብተን ማታ ሳንወጣ ማለት ነው። ይህን ያህል የሚያስሮጠው የማይታይ አካል ከፀሐይ ቢያንስ 3 እጥፍ የሚከብድ ሆኖ ተገኘ።

“ቢያንስ” የተባለው ዙሩ ወደኛ ምን ያህል እንዳዘነበለ ስላልታወቀ ነበር። ስበቱ ኮከቡን እንደ እንቁላል ስላሞለሞለው፥ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይደምቃል፥ ሁለት ጊዜ ይደበዝዛል። ይህ መለዋወጥ ዝንባሌውን ይገልጣል። በዚህ ዘዴ በ2010 ዓ.ም. የታተመው ስሌት 6.6 እጥፍ ያህል አድርሶታል። ፍጥነቱን ለመለካት ትልልቅ ቴሌስኮፖች ያስፈልጋሉ፤ ድምቀቱን ሌሊቱን ሙሉ ለመከታተል ግን የአንድ ሜትር መስተዋት ይበቃል።

ችግሩ እኛ ዘንድ ነው። ይህ ኮከብ በዓይን ከሚታየው እጅግ ደብዛዛ ኮከብ ከ50,000 ጊዜ በላይ የደከመ ነው። የቦሌ ፎቆች ማስታወቂያ፥ ወደ ላይ የሚረጨው የመንገድ መብራትና የአውሮፕላን ማረፊያው ብርሃን በአቧራውና በጭሱ ላይ አርፎ ሰማዩን ያነጣዋል። ስለዚህም ከከተማ የራቀ ስፍራ ፍለጋ የላሊበላ አካባቢ ተራሮች ተጠንተዋል። እኔ ግን መብራት ይጥፋ አልልም፤ በምሽት በእግሩ የሚሄድ ሰው ምን እንደሚፈራ አውቃለሁ። አምፖሉ ከላይ ክዳን ቢደረግለት ብርሃኑ የሚወርደው ለእግረኛው ነው፤ እንጦጦም በዚያው ልክ ይጨልምለታል።

ኮከቡ ያለበትን ስፍራ ማየት የሚፈልግ፥ በጥር አጋማሽ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ከደጅ ይቁም። በኦርዮን ወገብ ላይ የተሰለፉትን ሦስት ከዋክብት ይፈልግና ጥቂት ወደ ምሥራቅ ይመልከት። በዚያ ሰዓት ከአዲስ አበባ ራስ በላይ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ያልፋል።