በመሳቢያ የተረሳው ስልክ ገና ሥራ አለው

በሰፈራችን የአረጋውያን ክበብ የቀረበ ንግግር

 

በሥራዬ ምክንያት ቤታችሁ እገባለሁ፤ ቡና ታጠጡኛላችሁ። ወረቀት ፈልጉልኝ ስላችሁ መሳቢያው ይከፈታል። ከቢቱዋህ ሌኡሚ ደብዳቤና ከኩፓት ሆሊም ወረቀት ሥር አንድ፣ ሁለት፣ አንዳንድ ቤት ሦስት አሮጌ ስልክ ተኝቶ አያለሁ። ልጅ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ለእናቱ ይሰጣል። ለእናት አዲስ ሲገዛላት ደግሞ ያኛው መሳቢያ ይገባል። በኮሮና ጊዜ የልጅ ልጆች ከቤት የተማሩበት ታብሌትም እዚያው ነው። «ለምን አትጥሉትም?» ስላችሁ፣ «ስንት ሸቀል የወጣበት ምኑ ይጣላል!» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ዛሬ የመጣሁት ጣሉት ልላችሁ ሳይሆን ሥራ ስጡት ልላችሁ ነው።

እኔ እዚሁ አገር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። አማርኛዬ የቤት አማርኛ ነው፤ ዕብራይስጥ ጣል ጣል ባደርግበት ትታገሡኛላችሁ።

ስልክ የሚለው ስም ያሳስተናል። መስመር የሌለው ስልክ የሞተ ይመስለናል። ነገሩ ግን ትንሽ ኮምፒውተር ነው እኮ። ሲም ካርዱን ብታወጡበትም ሰዓቱ ይሠራል፣ ካሜራው ይሠራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ድምፅ ይቀዳል። ቤት ውስጥ ዋይፋይ ካለ ሬዲዮም ያሰማል። በፈረንጅ 1996 አሜሪካ ውስጥ ፓልም ፓይለት የሚባል በእጅ የሚያዝ ኮምፒውተር ለገበያ ወጥቶ ነበር። መደወል አይችልም፤ ፎቶ አያነሣም። ቀጠሮ፣ የስልክ ቁጥር፣ ማስታወሻና የሂሳብ ማሽን ይዟል፤ ያ ብቻ። ሰዎች ግን ወደዱት፣ ኪሳቸው ውስጥ የሚያስታውሳቸው ነገር አገኙ። እናንተ መሳቢያ ውስጥ የተኛው ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ነው።

ልጆቻችን ስልክ ሲያስተምሯችሁ ሃያ ነገር ባንድ ጊዜ ያሳያሉ። ይሄን ተጫኚ፣ ያንን ግፋ፣ እዚህ ግባ፣ እዚያ ውጣ። በማግስቱ ሁሉም ይረሳል፤ ቢረሳም አይገርምም። እኔ የምለው፣ ለአሮጌው ዕቃ አንድ ሥራ ብቻ ስጡት፣ አንድ ቦታም አስቀምጡት። ጀበና ቡና ያፈላል፣ ምጣድ እንጀራ ይጋግራል። በጀበና ሽሮ የሚሠራ ሰው የለም። ሥራውን ደግሞ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ።

ከሁሉ በፊት የመድኃኒት ሰዓትን ላንሣ፤ ምክንያቱን በዓይኔ ስላየሁት ነው።

አንዲት እናት አሉ፤ ስማቸውን አልጠራም፣ ነገሩን እንድናገር ግን ፈቅደውልኛል። ሐኪም ቤት ኪኒን ተሰጣቸውና በዕብራይስጥ «በሽሞኔና በሽሞኔ፣ ከምግብ ጋር» ተባሉ። ሽሞኔ ስምንት መሆኑን ያውቃሉ። ስለዚህ አንዱን ከቀኑ 8 ሰዓት ይውጣሉ፤ ሁለተኛውን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከእንቅልፋቸው ተነሥተው በባዶ ሆዳቸው ይውጣሉ። ለካ ሐኪሙ የነገራቸው በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ነው! ለወራት እንዲህ ኖሩ። ሌሊት ወደ ኩሽና ሲሄዱ ራሳቸውን ያዞራቸው ነበር። ልጆቹ «እማዬ፣ ለምን አትተኚም?» ይላሉ እንጂ ማንም ቁጭ ብሎ አልጠየቃቸውም።

ይህ የእሳቸው ጥፋት አይደለም። ቃሉን በደንብ ሰሙ፣ የታዘዙትን ፈጸሙ። ሁለት የሰዓት አቆጣጠር ባለበት ቤት «የትኛው ስምንት?» ብሎ ማጣራት ያለበት መድኃኒቱን የሚሰጠው ሰው ነው። እናንተም ወደ ሐኪም ስትሄዱ «ጠዋት ነው ወይስ ማታ? ከቁርስ ጋር ነው ወይስ ከእራት?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው አያሳፍርም።

መጀመሪያ የኩፓት ሆሊሟ ነርስ የመድኃኒቶቹን ሰዓት አንድ በአንድ አየችላቸው። ከዚያ የልጅ ልጃቸው የተወውን፣ ጥጉ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ከመሳቢያ አወጣን። ሰዓቱን ከፍተን ሁለት ማንቂያ ደወል ሞላን፤ አንዱን 08:00፣ አንዱን 20:00። ከሥሩ በአማርኛ «የጠዋት ኪኒን፣ 2 ሰዓት፣ ከቁርስ ጋር» ብለን ጻፍን፤ የማታውንም እንደዚሁ። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ደወሉን በተቀዳ ድምፅ መቀየር ይቻላል። ስለዚህ የልጅ ልጃቸው «እማማ፣ ቁርስ ብይና ኪኒንሽን ዋጪ» ብሎ ቀዳላቸው። አሁን ስልኩ ኩሽና ውስጥ ከኪኒን ሣጥኑ አጠገብ ቆሟል። ሌላ ምንም አይሠራም። እሳቸውም ሌሊት ይተኛሉ።

ለዚህ ኢንተርኔትም ሲምም አያስፈልግም። ስልኩ ግን መብራት አለበት፤ ከጠፋ አብዛኛው አይደውልም። ድምፁ እስከ መጨረሻ ከፍ ይበል። ደወሉ መደወሉን እንጂ መዋጣችሁን አያውቅም፤ ስለዚህ የሳምንቱን ቀን የሚለየው የኪኒን ሣጥን አይቅር። ዋጥኩ ወይስ አልዋጥኩም ብላችሁ ከተጠራጠራችሁ በራሳችሁ ፈቃድ አትድገሙ፤ ነርስ ወይም ፋርማሲ ጠይቁ።

የበጋና የክረምት ሰዓት ለውጥንም አስቡ። የእስራኤል ሕግ በ2013 ተለውጦ የበጋው ሰዓት እስከ ጥቅምት ወር፣ እስከ ኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ ድረስ ተራዘመ። ከዚያ በፊት የተሠራና ያልታደሰ ዕቃ አሮጌውን ሕግ ይዞ ሰዓቱን ያለ ቀኑ ሊለውጠው ይችላል። በመስከረምና በጥቅምት፣ ደግሞም በመጋቢት፣ ከግድግዳው ሰዓት ጋር አስተያዩት።

ስለ ሰንበት የጠየቃችሁኝ አላችሁ። አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ የተሞላ ደወል ቅዳሜ ሲጮህ ማጥፊያውን መንካት ይመጣል። ይህ የእኔ ፍርድ አይደለም፤ ቄሳችሁን ወይም ረቢያችሁን ጠይቁ። ስትጠይቁ ግን የመድኃኒት ጉዳይ መሆኑን ንገሯቸው።

እሺ፣ አሁን ወደ ሁለተኛው ሥራ። እውነቱን ለመናገር እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው።

በእኛ ዕድሜ ያለን ልጆች ከሰው ጋር ስንተዋወቅ፣ ነገሩ ወደ ጋብቻ ሲያመራ፣ ወላጆቻችን «ቆይ፣ የማን ልጅ ነው? ከየት ናቸው?» ይላሉ። እስከ ሰባት ቤት መቆጠር አለበትና። ከዚያ ስልክ ተነሥቶ ለአያት ይደወላል። አያት ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው፣ እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሊት ወደ ወገራ ተዳረች፣ ወንድሟ ደምቢያ ቀረ ብለው ይቆጥራሉ። ወረቀት ላይ የለም። ኮምፒውተር ውስጥ የለም። አንድ ሽማግሌ ራስ ውስጥ ነው ያለው። አያት ሲያልፉ ያ ሁሉ ይቀበራል፤ ለልጆቻችን ደግሞ የሚደውሉለት ሰው አይኖርም።

አሮጌው ስልክ ይህንን መያዝ ይችላል። ድምፅ መቅጃ የሚባለው ብዙ ስልክ ላይ አስቀድሞ አለ፤ ማይክሮፎን ሥዕል አለው። ቀዩን ክብ መንካት ነው፣ ሲያልቅ ደግሞ መንካት። በስልኩ 8 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ካለ፣ በተለመደው ጥራት ከመቶ ሰዓት በላይ ንግግር ይይዛል። የአንድ ሰው ሕይወት ባይበቃበትም ብዙ ይበቃበታል።

ስትቀዱ ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ አንጥፉና ስልኩን አስቀምጡበት፣ ኮቱ እንዳይንኮሻኮሽበት በእጃችሁ አትያዙት። ቴሌቪዥኑን አጥፉ፤ የቡና ረከቦት ከጎን ቢኖር ግድ የለም፣ ያ የእኛው ድምፅ ነው። የአውሮፕላኑን ምልክት ንኩ፣ መልእክት እየመጣ እንዳያቋርጣችሁ። መጀመሪያ ቀኑን፣ ስማችሁን፣ የአባትና የአያት ስም፣ የተወለዳችሁበትን መንደር ተናገሩ። ከዚያ ሃያ ደቂቃ ይበቃል፤ ደክሟችሁ አትቀጥሉ። አንድ ቀን ዘር ቆጠራ፣ ሌላ ቀን የመንደሩ ሰው፣ ሌላ ቀን ሸክላና ቀጥቃጭ ቤት፣ ሌላ ቀን የስግድ ዕለት ተራራ መውጣት።

መንገዱም አለ። በሱዳን የመጣችሁ፣ በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በኦፐሬሽን ሞሼ የተሻገራችሁ፣ ወይም በግንቦት 1991 በኦፐሬሽን ሰለሞን ከአዲስ አበባ የተነሣችሁ አላችሁ። በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን በሄርዝል ተራራ በመንገድ ለቀሩት መታሰቢያ ይደረጋል። እዚያ ቆሜ አንድ ነገር ሰምቻለሁ፤ ሽማግሌዎች ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ስም ይጠራሉ። በኡም ራኩባ የቀረ ሕፃን ስም፣ ከመንገድ ዳር የተቀበረች እናት ስም። አጠገባቸው የቆመው የልጅ ልጅ አይሰማም። እነዚያን ስሞች ለስልኩ ጥሩለት። ሁሉን መተረክ ከከበደ ስሙን ብቻ ማለት ይበቃል። ማንም ደግሞ አያስገድዳችሁ፤ የማትፈልጉትን አትናገሩ። ማን እንዲሰማውና መቼ እንዲሰማው የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ ያንንም በቀረጻው ላይ ተናገሩ።

በትግርኛ ወይም በቅማንትኛ የሚቀላቸሁ ካላችሁ በዚያው ተናገሩ። አሳምሩት የሚል የለም።

አሮጌ ስልክ አንድ ቀን ሳይነግር ይሞታል። ስለዚህ የተቀዳው ነገር በሌላ ሁለት ቦታ ይገልበጥ፤ ለምሳሌ በልጅ ኮምፒውተርና በዩኤስቢ። ይህን የልጅ ልጅ በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል፤ እምቢ ካለ ቅዳሜ ማታ ምግብ ከልክሉት።

ሌላውን ባጭሩ ልበል። የመድኃኒት ወረቀት ፊደሉ ደቃቃ ነው፤ በካሜራው አይታችሁ በሁለት ጣት ስትዘረጉት እንደ መነጽር ያጎላል። በዋይፋይ የአማርኛና የትግርኛ ስርጭት ያለውን የሬካን ሬዲዮ ኩሽና ውስጥ መስማት ይቻላል። ታብሌት ከሆነ፣ ጎንደርና አዲስ አበባ የቀሩ ዘመዶችን ፎቶ እየቀያየረ የሚያሳይ የግድግዳ ሥዕል ይሆናል። መጻፍ የሚያስቸግራችሁ ደግሞ፣ የጉግል ድምፅ መለያ ከ2017 ጀምሮ አማርኛ ይሰማል፤ እናንተ ትናገራላችሁ፣ እሱ ይጽፋል። ስም ላይ ይሳሳታል፣ የጎንደር አነጋገርም ያስቸግረዋል፤ ቢሆንም ይረዳል።

የማይደረገው ይህ ነው። ባንክ በአሮጌ ስልክ አትክፈቱ፣ የኩፓት ሆሊም የሚስጥር ቁጥርም አታስገቡበት። አሮጌ ስልክ የደኅንነት እድሳት ስለማያገኝ በሩ እንዳልተቆለፈ ቤት ነው። ለአደጋም አትደገፉበት። 101 ለአምቡላንስ፣ 100 ለፖሊስ የሚደወለው በዋናው ስልክ ነው፤ የሳይረን ማስጠንቀቂያም በዋናው። ዋናው ስልካችሁ ራሱ በጣም አሮጌ ከሆነ አሳዩኝ፤ የመገናኛ ሚኒስቴር የሁለተኛና የሦስተኛ ትውልድ መስመሮች እንዲዘጉ ስለወሰነ፣ በእነዚያ ብቻ የሚሠራ ስልክ መደወል ያቆማል።

ባትሪውንም እዩት። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስተኙት። ጀርባው አብጦ ከተወዛወዘ ወይም መስተዋቱ ከተነሣ፣ ቻርጀር ላይ አታድርጉት፣ አትጫኑት፣ አትውጉት፤ እሳት ይነሣል። ደህናውንም ቢሆን ትራስ ሥርና አልጋ ላይ አትሙሉት። ያበጠው ወደ ቆሻሻ በርሜል አይጣልም። በ2012 የወጣው የኤሌክትሮኒክ ዕቃና የባትሪ ሕግ፣ አዲስ ስልክ ስትገዙ ሻጩ አሮጌውን እንዲቀበል ያዛል። ያበጠ ባትሪ ያለበትን ግን ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ተናገሩ።

ለሰው ከመስጠታችሁ ወይም ከመጣላችሁ በፊት ውስጡን እዩ። ባለፈው አንድ አባት ለልጅ መጫወቻ ሊሰጡት የነበረው ስልክ ውስጥ የሟች ባለቤታቸው ድምፅ በዋትስአፕ ተቀምጦ ነበር። አሥራ አንድ መልእክት። አብዛኛው «ዳቦ ይዘህ ና» የሚል ነው። አሁን እንኳን ለልጅ፣ ለእኔም አያበድሩትም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር ከ10 እስከ 12 ሰዓት፣ ከሁለት ወጣት በጎ ፈቃደኞች ጋር እዚሁ ክበብ ውስጥ እቀመጣለሁ። ያላችሁን ይዛችሁ ኑ፤ የተሰነጠቀም ይሁን፣ መክፈቻ ቁጥሩ የተረሳም ይሁን። ቻርጀሩን አትርሱ፤ ሦስት ዓይነት ጫፍ ስላለው የእኔ ላይገጥም ይችላል። የመድኃኒት ዝርዝራችሁንም አምጡ።