ተኩስ የቆመበት ቀን



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሐምሌ 20 ቀን ነው። ይህን ቀን ለምን መረጣችሁት ትሉን ይሆናል። በሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. በሩቅ አገር፣ በኮሪያ፣ ተኩስ እንዲቆም ተፈረመ። በዚያ ጦርነት ውስጥ የእኛም አገር ልጆች ነበሩበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሪያ ሰሜንና ደቡብ ተብላ ለሁለት ተከፍላ ነበር። በሰኔ ወር 1942 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦር ወደ ደቡብ ገባ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል አገሮችን እርዳታ ጠየቀ። ኢትዮጵያም የቃኘውን ሻለቃ ላከች። ስሙ የተወሰደው ከራስ መኰንን ፈረስ ስም ነው። የመጀመሪያዎቹ ወታደሮች ከክቡር ዘበኛ ተመርጠው በሚያዝያ ወር 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ሄዱ። በየተራው የዘመቱት ከ6,000 በላይ ናቸው። ከ120 በላይ ወደቁ፤ ከ530 በላይ ቆሰሉ። አንድም ሰው አልተማረከባቸውም።

የተኩስ ማቆሙ ንግግር የተጀመረው በሐምሌ ወር 1943 ዓ.ም. ነው። ሁለት ዓመት ፈጀ። ሹማምንቱ ተቀምጠው ሲነጋገሩ ወታደሩ ተራራ ላይ ይሞት ነበር። በመጨረሻው ቀን እንኳ ፊርማው የተፈረመው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሲሆን፣ ተኩሱ እንዲቆም የተወሰነው ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። እስከዚያ መድፉ አላረፈም።

ታዲያ ተኩስ ማቆም ምን ማለት ነው? እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ሁለት ሰዎች በድንበር ተጣሉ እንበል። ሽማግሌ መካከል ገባና ዱላቸውን አስቀመጡ። ክርክሩ ግን ገና አልተፈረደም፤ ዕርቅም አልወረደም። የኮሪያም ነገር እንዲሁ ነው። ሁለቱ ጦሮች ከመስመሩ ሁለት ሁለት ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ሸሹ። የሰላም ውል ግን እስከ ዛሬ አልተፈረመም።

ዘማቾቹ ሲመለሱ ክብር አገኙ። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ግን የደርግ መንግሥት የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ሆነ። ከደቡቡ ጋር የተሰለፉት ተረሱ። መንግሥት ይለወጣል፤ የሰው ቁስል ግን ያው ቁስል ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ በአዲስ አበባ፣ አፍንጮ በር አጠገብ፣ ሐውልት ቆመላቸው። በመታሰቢያ ቀን አበባ ይቀመጣል፤ በሕይወት ያሉት ዘማቾች ኒሻናቸውን አድርገው ይመጣሉ።

እኛ ያደግነው ጉለሌ ውስጥ፣ ጳውሎስ ሰፈር ነው። አንድ የኮሪያ ዘማች ሽማግሌ ጎረቤታችን ነበሩ። ኒሻን ነበራቸው፤ ፊደል ግን አልቆጠሩም። ደብዳቤ ሲመጣላቸው የምናነብላቸው እኛ ልጆቹ ነበርን። አንድ ክረምት ዘመድ ጥየቃ አገር ቤት ሄድን። ስንመለስ ጠሩንና ከኮታቸው ኪስ አንድ ፖስታ አወጡ። አነበብንላቸው። የሐምሌ 20 በዓል መጥሪያ ነበር። ቀኑ ካለፈ ሳምንት ሆኖታል። እሳቸው ምንም አላሉም። ወረቀቱን አጥፈው ወደ ኪሳቸው መለሱት። የሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ሳይደርስ አረፉ።

እኛ ወደዚህ የመጣነው ወደን አይደለም፤ ታዘን ነው። እሳቸውም ኮሪያ የሄዱት ታዘው ነው። ግን ያንን ፖስታ ስናስብ፣ እናንተ ፊደል በመቁጠራችሁ ደስ ይለናል።

አሁን አንድ ነገር እንለምናችኋለን። በየመንደሩ ከአንድ ጦርነት የተመለሰ ሰው አይጠፋም። ሳይሞት ጠይቁት። ስሙን ከነአባቱ ስም፣ የዘመተበትን ቦታና ዓመተ ምሕረቱን በደብተራችሁ ጻፉ። ከዚያም መልሳችሁ አንብቡለት። የቆመለትን ሐውልት ሙት አያየውም፤ የተነበበለትን ስሙን ግን በሕይወት ያለ ሰው ይሰማል።