የተማሪ አብራሪ ሄድሴት፦ ገንዘቡ ምን ላይ ይዋል?

ከጎረቤላ፣ ከአንኮበር ዙሪያና ከደብረ ብርሃን የምትከታተሉን፣ በተለይ ወደ ኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲም ሆነ ወደ ሌላ የበረራ ትምህርት ቤት ለመግባት የምታስቡ ወጣቶች፣ የዛሬው ርእሳችን የአብራሪ ሄድሴት ነው።

ለልምምድ የሚያገለግሉት እንደ ሴስና 172 ያሉ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኖች ውስጣቸው ጩኸታም ነው፤ ድምፁ 90 ዴሲቤልን በቀላሉ ያልፋል። የአሜሪካው የሙያ ደኅንነት ተቋም መመዘኛ በ85 ዴሲቤል ስምንት ሰዓት መቆየት ይፈቅዳል፤ ጩኸቱ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ግን ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በ94 ዴሲቤል የሚቀራችሁ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። በጩኸት የተጎዳ የመስማት ችሎታ ደግሞ አይመለስም።

ሄድሴት ሁለት ዓይነት ነው። ፓሲቭ የሚባለው ጩኸቱን በወፍራም ሽፋኑና በጆሮ ትራሱ ይከለክላል። አክቲቭ የሚባለው በዚያ ላይ ትንሽ ማይክ አለው፤ ማይኩ የገባውን ጩኸት ይለካል፣ ስፒከሩም የዚያን ተቃራኒ ሞገድ አውጥቶ ያጠፋዋል። ይህ የሚሠራው በሞተሩና በፕሮፔለሩ ወፍራም ጉምጉምታ ላይ ነው፤ ቀጭኑን ድምፅ የሚይዘው ያው ትራሱ ነው። የጎረቤላ ብርድ በጠባብ ስንጥቅ እንደሚገባ ሁሉ፣ ጩኸትም በመነጽር ዘንግና በትራሱ መካከል ባለች ክፍተት ይገባል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ገንዘባችሁን የምታወጡት ራሳችሁ ላይ በደንብ ለሚገጥም ሄድሴት ይሁን። መነጽር ካደረጋችሁ ከነመነጽራችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል አጥልቃችሁ ሞክሩት።

ስለ ዋጋ እንነጋገር። እንደ ቦዝ ኤ30 ያለው አክቲቭ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። አረንጓዴው የዴቪድ ክላርክ ፓሲቭ ሄድሴት ግን የዚያን ሲሶ ገደማ ያወጣል፤ ኋላ ገንዘብ ሲገኝ ፓሲቩን ወደ አክቲቭ የሚለውጥ መግጠሚያም ይሸጣል።

ያገለገለ ስትገዙ መሰኪያውን አስተውሉ። የትንንሽ አውሮፕላኖች ሄድሴት ሁለት መሰኪያ አለው፤ ወፍራሙ ለማዳመጫ፣ ቀጭኑ ለማይክ። አንድ መሰኪያ ብቻ ያለው ርካሽ ሄድሴት ካገኛችሁ የሄሊኮፕተር ሊሆን ይችላል። ያረጀ ትራስና የማይክ ስፖንጅ በቀላሉ ይቀየራል፤ መሰኪያው ሥር የተሰነጠቀ ገመድ ግን በበረራ መካከል የመቆጣጠሪያ ማማውን ድምፅ ይቆራርጥባችኋል። አክቲቭ ከሆነ ባትሪውን አውጥታችሁ ሞክሩት፤ ያለ ባትሪም ሬዲዮው መሰማት አለበት። የሙዚቃ ማዳመጫ ጩኸት ቢያጠፋም የአብራሪ ማይክና መሰኪያ ስለሌለው ይህን ሥራ አይተካም።

ሄድሴቱን እንዲገዛላችሁ ውጭ አገር ላለ ዘመድ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት የምትማሩበትን አውሮፕላን ዓይነትና የሶኬቱን ዓይነት ከትምህርት ቤቱ ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ካልገጠመ የሚመለስበትንም ቀን አረጋግጡ። አቅማችሁ ለአክቲቭ ሄድሴትም ለበረራ ሰዓትም ካልበቃ፣ በደንብ የሚገጥም ፓሲቭ ግዙና የተረፈውን ለበረራ ሰዓት አውሉት። የጆሯችሁን ጤና የሚጠብቀው በየበረራው ሳይዛነፍ የምታጠልቁት ሄድሴት ነው።