የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲወጣ ምኑ ይታያል?

ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ለሕዝብ ሲያቀርብ፣ የአርባ ምንጭ ነዋሪም በቴሌብር መተግበሪያ በኩል ባለድርሻ የመሆን ዕድል አገኘ። ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር።

ታዲያ ባለአክሲዮኑ የኩባንያውን የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲያገኝ ምኑን ይመልከት?

መጀመሪያ ገቢንና ትርፍን ይለይ። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ላይ ሙዝ የሚያከፋፍል ነጋዴ የሸጠበት ገንዘብ ሁሉ ትርፉ አይደለም፤ የገበሬው ሂሳብ፣ የመኪና ኪራይና የተበላሸው ሙዝ ይቀነሳሉ። በዱቤ የሸጠውም ገና እጁ አልገባም። የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫ የሚታየው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ንጽጽሩ። የበጀት ዓመቱ የመጀመሪያ ሩብ ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው፤ የሚመዘነውም ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወራት ጋር ነው።

የሩብ ዓመት ቁጥሮች አብዛኛውን ጊዜ በውጭ ኦዲተር ስለማይመረመሩ፣ ዓመታዊው ሪፖርት ሲወጣ ማመሳከር ያስፈልጋል።