ሁለት ገጽ፣ አንድ ስልክ፦ የድረ ገጽ ንድፍን በሙከራ ስለ መምረጥ
(በቢታ ገነት የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ ሙሉ ቃል)



ንግግሬን ከኮምፒውተር ሳይሆን ከቡና ማሳ እጀምራለሁ። አንድ ገበሬ አዲሱን ዝርያ ወንዝ ዳር፣ ነባሩን ደግሞ ተዳፋት ላይ ቢተክልና አዲሱ የተሻለ ቢያፈራ፣ ብልጫው የዝርያው ይሁን የአፈሩ ሊለይ አይችልም። ሮናልድ ፊሸር በእንግሊዝ አገር በሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ የደረሰበትና እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው መጽሐፍ ያብራራው መፍትሔ ቀላል ነው፦ የትኛው ዝርያ የት እንደሚተከል ዕጣ ይወስን።

ዛሬ የድረ ገጽ ባለሙያዎች «ኤ/ቢ ቴስቲንግ» የሚሉት ይህንኑ የማሳ ሥርዓት ነው። ለምሳሌ ለአንድ የተማሪዎች ምዝገባ ገጽ ሁለት ንድፎች ይዘጋጃሉ፤ ለሚገባው ሰው ሁሉ አንዱ በዕጣ ይደርሰዋል፤ ከየወገኑ ስንቱ ምዝገባውን እንደ ጨረሰ ይቆጠራል።

ይህ ሥርዓት ቢታ ገነትን በመሰለ ከተማ ሦስት ፈተናዎች ይገጥሙታል።

አንደኛው ፍጥነት ነው። የጉግል መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2000 በአንድ ገጽ ስንት የፍለጋ ውጤት ቢታይ እንደሚሻል ለማወቅ ባደረጉት የመጀመሪያ ሙከራ፣ ገጹ ዘግይቶ ይከፈት ስለ ነበር ውጤቱ ተበላሽቶባቸዋል። ኔትወርክ በሚደክምበት ቦታ ምስል የበዛበት ንድፍ ቢሸነፍ፣ የተሸነፈው በመልኩ ነው ወይስ በክብደቱ? ስለዚህ የሁለቱ ገጾች ክብደት አስቀድሞ ይስተካከል።

ሁለተኛው የጋራ ስልክ ነው። ብዙውን ጊዜ ዕጣው የሚወጣው ለሰው ሳይሆን ለስልኩ ማሰሻ ነው። ሦስት ጓደኛሞች በአንድ ስልክ በየተራ ቢመዘገቡ ሙከራው እንደ አንድ ሰው ይቆጥራቸዋል። ሦስተኛዋ ፈጥና ብትጨርስም የሁለቱን አሞላል አይታ ስለ ተማረች ሊሆን ይችላል። ዕጣው በተማሪው የምዝገባ ቁጥር ቢወጣ ግን እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ይቆጠራል፤ እንዲህ ያለው የመማማር ጥቅምም ለሁለቱም ንድፎች ያለ አድልዎ ይደርሳል።

ሦስተኛው ቁጥር ነው። ምዝገባውን የሚጨርሱት ከመቶ 20 ወደ 25 ማደጋቸውን በተለመደው የስታቲስቲክስ ጥንቃቄ ለማረጋገጥ በየወገኑ 1,100 ያህል ሰው ያስፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ 60 ሰዎች አሸናፊ የሚያውጅ ራሱን ያታልላል። ይህን ያህል ተጠቃሚ የሌለው ጽሕፈት ቤት አምስት ተማሪዎች አጠገብ ተቀምጦ ጣታቸው የት ላይ እንደሚያመነታ ቢያይ ይሻለዋል።

በመጨረሻ ከሁሉ የሚከብደውን ላንሳ። እንበልና አንዱ ንድፍ የካፊኖኖውን ማብራሪያ አስወጥቶ ገጹን አሳጠረ፤ በድምሩም አሸነፈ። አማካዩ ከፍ ብሏል፤ በካፊኖኖ ብቻ በደንብ የምታነበው ልጅ ግን ሳትመዘገብ ቀነ ገደቡ አልፎባታል። ሙከራው አልዋሸም፤ ስለ እርሷ ግን አልተጠየቀም። እንግዲህ ውጤቱን በየቋንቋውና በየመሣሪያው ለይታችሁ ተመልከቱ፤ አንዱ ወገን ሲጎዳ ሙከራው የሚቋረጥበትን ደንብም ከመጀመራችሁ በፊት ጻፉ። የትኛው ገጽ ብዙ ሰው እንደሚያስመዘግብ ዕጣና ቆጠራ ይነግሩናል፤ ማንም እንዳይቀር የመወሰን ኃላፊነት ግን የእኛ ነው።