ከቋንቋ በኋላ የሚቀር ጣዕም፦ የነብራስካ በጋ



ዛሬ የምናገረው ስለ በጋ ነው፤ በጋ ስል ግን የሰሜን አሜሪካውን ነው። እኛ ዘንድ ሐምሌ ጨልሞ ዝናብ ሲያወርድ፣ በአሜሪካ መካከለኛው ሜዳ ፀሐይ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ አትጠልቅም። በነብራስካ ግዛት፣ በዋና ከተማዋ በሊንከን፣ ለምርምር ሁለት በጋ ቆይቻለሁ። የሄድኩበት ጉዳይ ሌላ ነበር፤ ይዤው የተመለስኩት ጥያቄ የመጣው ከማዕድና ከአደባባይ ነው። ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በዚያ ወራት ገበሬዎች የበቆሎ እሸት በመኪና ጭነው በየመንገዱ ዳር ይሸጣሉ። እኛ በከሰል እንጠብሰዋለን፤ እነሱ ቀቅለው፣ ቅቤ ቀብተው፣ ጨው ነስንሰው ይበሉታል። የግዛቲቱ ሰዎች ቅጽል ስም ራሱ «በቆሎ ሸልቃቂዎች» ማለት ስለሆነ ይህ አላስገረመኝም። ያስገረመኝ ራንዛ የሚሉት ምግብ ነው። በእርሾ በቦካ ሊጥ ውስጥ የተፈጨ የበሬ ሥጋ፣ ጥቅል ጎመንና ሽንኩርት ተደርጎበት ይጋገራል፤ በዳቦ ሊጥ የተሠራና በዘይት ያልተጠበሰ ሳምቡሳ ነው ብትሉ ብዙ አትሳሳቱም። በዚሁ ስም የሚጠራው ምግብ ቤት በ1949 በሊንከን ተከፍቶ፣ ዛሬ በግዛቲቱ በርካታ ከተሞች ቅርንጫፍ አለው። የጠየቅኋቸው ተማሪዎች ሁሉ «የኛ ነው፣ የነብራስካ ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፤ መንገዱ ግን ረጅም ነው። ዳግማዊት ካትሪን በ1763 ባወጣችው አዋጅ ተጋብዘው ጀርመናውያን ገበሬዎች ወደ ሩሲያ ሄዱ፤ ብዙዎቹም በቮልጋ ወንዝ ዳርቻ ሰፈሩ። ከመቶ ዓመት በኋላ ከውትድርና ነፃ የመሆን መብታቸው ሲሰረዝ፣ ከእነሱ ብዙዎች ውቅያኖስ ተሻግረው ወደ አሜሪካ ሜዳዎች ፈለሱ፤ በሊንከንም ሰፈር መሠረቱ። ምግቡን ያመጡት እነሱ ናቸው። ቋንቋቸውንም ይዘው መጥተው ነበር።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጀርመንኛን የጠላት ቋንቋ አደረገው። በ1919 የነብራስካ ምክር ቤት፣ በግል ትምህርት ቤት ጭምር፣ ከእንግሊዝኛ በቀር በሌላ ቋንቋ ማስተማርን ከለከለ፤ የውጭ ቋንቋ ራሱ እንደ አንድ ትምህርት ሊሰጥ የሚችለው ስምንተኛ ክፍልን ላለፈ ተማሪ ብቻ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ሮበርት ሜየር የተባለ መምህር አንድ የአሥር ዓመት ልጅ በጀርመንኛ ሲያስነብብ ተገኝቶ 25 ዶላር ተቀጣ። ከፍሎ መገላገል ይችል ነበር። እሱ ግን ይግባኝ አለ፤ ክርክሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1923 ተፈረደለት። የሕግ ተማሪዎች ካላችሁ ይህን ፍርድ ታውቁታላችሁ። ያም ሆኖ ችሎት ያሸነፈው ቋንቋ በየቤቱ ተሸነፈ፤ የተነቀፈበትን ቋንቋ ለልጁ ለማውረስ የሚደፍር ወላጅ ጥቂት ነው። ራንዛን የከለከለ ሕግ አልነበረም።

ከሊንከን ወደ ደቡብ ወረድ ስትሉ ዊልበር የምትባል የቼኮች ከተማ አለች። ከ1962 ጀምሮ በየዓመቱ በነሐሴ መጀመሪያ በዓል ታደርጋለች፤ አኮርዲዮን፣ የፖልካ ጭፈራ፣ ባለ ጥልፍ ቀሚስ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መሐሉ በፍራፍሬ የተሞላ ኮላቼ የሚሉት ጣፋጭ ዳቦ ሞልቷል። ኮላቼ የሚሸጡ አንዲት አሮጊት ቼክኛ ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አባታችን ሆይን ከዳር እስከ ዳር ወጡት። የአንዱን ቃል ትርጉም ብጠይቃቸው ሳቁና ዳቦ ጨመሩልኝ።

ስለ ስፖርቱ አጭር ነገር ልበል። ኦማሃ ከ1950 ጀምሮ በየሰኔው የዩኒቨርሲቲዎችን የቤዝቦል ፍጻሜ ታስተናግዳለች። ነሐሴ 30 ቀን 2023 ደግሞ በሊንከን ስታዲየም የሴቶች መረብ ኳስ ጨዋታ ለማየት 92,003 ሰው ገባ፤ ሕዝቧ ሁለት ሚሊዮን ገደማ በሆነ ግዛት! ለመግባት ቲኬት እንጂ ቋንቋ አያስፈልግም፤ የስፖርት ደግነቱም ድህነቱም ይኸው ይመስለኛል።

የኦማሃ ከተማ ስሟን ያገኘችው ከኦማሃ ሕዝብ ነው፤ ትርጉሙም ፈሰሱን ተቃርነው የሚሄዱ እንደ ማለት ነው። መሬታቸውን አብዛኛውን በ1854 ውል ለመንግሥት አስረከቡ። በከተማይቱ የጆስሊን ሙዚየም፣ መግቢያው በነፃ ስለሆነ ደጋግሜ ሄጄ፣ ካርል ቦድመር በ1830ዎቹ በሚዙሪ ወንዝ ሲጓዝ የሣላቸውን የአገሬውን ተወላጆች ሥዕሎች ተመልክቻለሁ። ከሥዕሎቹ የበለጠ የነካኝ ግን በነሐሴ በሜሲ መንደር የሚደረገው የኦማሃዎች የጭፈራ በዓል ነው። ከበሮው በመካከል ነው፤ ዘፈኑ በኦማሃ ቋንቋ፣ ማብራሪያው በእንግሊዝኛ። በዚሁ ግዛት በጄኖዋ ከተማ ከ1884 እስከ 1934 የነባር ሕዝቦች ልጆች ከወላጆቻቸው ተለይተው፣ የእናት ቋንቋቸው ተከልክሎ የተማሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። ሜየር የተከራከረለት ዓይነት መብት እነዚያን ልጆች አልደረሰም። ዛሬ ቋንቋውን አቀላጥፈው የሚናገሩት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ በዚያ ሜዳ ዘፈኑ ማስዋቢያ አይደለም፤ የቀረው ቋንቋ የሚኖርበት ቤት ነው። በፎክሎር ጥናታችን ዘፈንን ከቋንቋ፣ ምግብንም ከስሙ ለይተን የምንመዘግብበትን ልማድ የተጠራጠርኩት እዚያ ነው።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። በአሜሪካ ከሚኖሩት የኑዌር ማኅበረሰቦች ከትልልቆቹ አንዱ በኦማሃ ነው፤ ብዙዎቹ ወደዚያ የደረሱት በጋምቤላ የስደተኞች ሰፈሮች በኩል ነው። አንድ ምሽት በመናፈሻ ተቀምጬ ሳለ አንድ አዛውንት «እንደምን አመሸህ?» አሉኝ፤ ኢታንግ ሳሉ የለመዱት አማርኛ ነበር። ልጆቻቸው ቅርጫት ኳስ ይጫወታሉ። በኑዌርኛ ጠሯቸው፤ ልጆቹ በእንግሊዝኛ መልሰው እየሮጡ ወደ ምድጃው መጡ። የበቆሎ እሸቱ በከሰል ላይ ተጠብሶ ይጠብቃቸው ነበር።